ደጃዝማች ባልቻ ሳፎና የመቀሌው ምሽግ



በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ የባልቻ አባ ነፍሶን ስም ያልሰማ ተማሪ የሚገኝ አይመስለኝም። ስማቸው በዓድዋ በዓል ቀን በየዓመቱ ይነሣል፤ በአዲስ አበባም አንድ ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል። ይሁን እንጂ ከመድፈኛነታቸው በቀር ስለ ሕይወታቸው የምናውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን የእኒህን የአገራችንን ሰው ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ አስቤአለሁ።

ይህን ታሪክ ለመምረጥ ሁለተኛ ምክንያትም አለኝ። የምሽግ ሞዴል በጠረጴዛ ላይ ሠርተው የመጫወቻ ወታደሮችን ሊያሰልፉበት የሚያስቡ ጓደኞች አሉ። እነዚህ ጓደኞች ከፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ያዩትን አራት ማዕዘን ግንብ ከነአራት ማማው ከሚቀዱ፣ የአገራችን ሰው መድፍ ጠምዶ የቆመበትን እውነተኛ ምሽግ ቢሠሩ ይሻላል እላለሁ። እርሱም በ1888 ዓ.ም. የተከበበው የመቀሌው የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ነው። ያን ምሽግ በትክክል የሚሠራ ሰው ከእጅ ሥራው ጋር የባልቻን ሕይወት ምሥጢርም ያገኛል፤ እንዴት እንደ ሆነ ወደ ፊት ይታያል።

ትውልድና አስተዳደግ

ባልቻ ሳፎ የተወለዱት በ1850ዎቹ ዓመታት ገደማ፣ የጨቦና የጉራጌ ሕዝብ ጎን ለጎን በሚኖርበት አገር፣ አገምጃይ በተባለው ስፍራ ነው። ከኦሮሞና ከጉራጌ ወገን እንደሚወለዱ ይነገራል። በዚያ ዘመን በዚህ አገር የሚያድግ ልጅ ከብት ይጠብቃል፤ እንሰት ሲተከልና ሲፋቅ እያየ፣ በጀፎረው ሣር ላይ ከእኩዮቹ ጋር እየሮጠ ያድጋል። ባልቻም በሰላም ቢያድጉ ኖሮ እንደ ሌላው ገበሬ ኖረው ባለፉ ነበር።

ነገር ግን ዘመኑ የሰላም ዘመን አልነበረም። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ደቡብ ሲያሰፉ በጉራጌ አገር ላይ ደጋግመው ዘምተዋል። ሕዝቡም አገሩን ያለ ውጊያ አልሰጠም። በወልቂጤ አቅራቢያ ካለው ከቀቤና የተነሡት የሐሰን እንጃሞ ስም እስከ ዛሬ የሚነሣው ከዚሁ የተነሣ ነው። ከነዚያ ጦርነቶች በአንዱ ባልቻ ገና ልጅ ሳሉ በጦር ሜዳ ላይ ቆስለው ወድቀው ተገኙ። የደረሰባቸው ጉዳት በሕይወታቸው ዘመን ሁሉ ልጅ እንዳይወልዱ የሚያደርግ ከባድ ጉዳት ነበር። ምኒልክ አይተው አዘኑላቸውና ቁስላቸው እንዲታከም፣ እርሳቸውም ወደ ቤተ መንግሥት እንዲወሰዱ አዘዙ።

እንግዲህ አስቡት። ያ ልጅ አገሩን በወጋው ሠራዊት ተማርኮ፣ ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ቋንቋውን ወደማያውቀው ግቢ ገባ። ነገር ግን በዚያ ግቢ የእርሱን ዓይነት ዕድል የገጠማቸው ሌሎችም ነበሩ። በኋላ ዘመን የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ከዚያው ከጨቦ አገር የተማረኩ ልጅ ነበሩ። ምኒልክ የሰውን ችሎታ የማየት ተሰጥዎ ስለ ነበራቸው፣ እነዚህን ልጆች በትውልዳቸው አልናቋቸውም። ባልቻ በታማኝነታቸውና በትጋታቸው እየታወቁ ሄዱ፤ በመጨረሻም የንጉሡ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው በጅሮንድ ተባሉ። የፈረስ ስማቸውም አባ ነፍሶ ነበር።

ወደ ሰሜን መዝመት

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውል ተፈረመ። የውሉ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ሌላ፣ በኢጣልያንኛው ሌላ ሆኖ ተገኘ። በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለመጻጻፍ ቢፈልጉ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ሊጻጻፉ ይችላሉ የሚል ሲሆን፣ በኢጣልያንኛው ግን ይህ ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። ኢጣልያም ከዚህ ተነሥታ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች። ክርክሩ ዓመታት ከፈጀ በኋላ በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ የክተት ዐዋጅ ተነገረ።

ከየአቅጣጫው የተነሣው ሠራዊት ወደ ሰሜን ተመመ። በጅሮንድ ባልቻም ከመድፈኞቹ ጋር ነበሩ። የኢትዮጵያ ሠራዊት በዚያ ዘመቻ ወደ 40 የሚጠጉ ቀላል መድፎች ነበሩት። እነዚህ መድፎች ተፈታተው በበቅሎ የሚጫኑ፣ በተራራ ላይ ለመውጣት የሚመቹ ነበሩ። የግምጃ ቤት ሰው የነበሩት ባልቻ መድፈኛ መሆናቸው ሊያስደንቀን አይገባም። መድፍና ጥይቱ ውድ የመንግሥት ንብረት ነው፤ የሚያዘውም ለታመነ ሰው ነው።

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባ አላጌ የመጀመሪያው ውጊያ ተደርጎ የኢጣልያኑ አዛዥ ማጆር ቶዜሊ ወደቀ። ከዚያም ሠራዊቱ በራስ መኰንን መሪነት ወደ መቀሌ ገሠገሠ። በዚያ ምሽጉ ይጠብቀው ነበር።

የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ

ምሽጉ የተሠራው ከመቀሌ ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ፣ በኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ኢጣልያኖች ቤተ ክርስቲያኑን በመካከል አድርገው በድንጋይ ካብ ከበቡት። ከቅጥሩ ውጭም የጠላት እግር እንዳይጠጋ የተሳለ እንጨትና ሽቦ ዘረጉበት። አዛዡ ማጆር ጋሊያኖ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የነበሩት ወታደሮች ከ1,000 በላይ ነበሩ፤ ከነዚህም አብዛኞቹ አስካሪዎች፣ ማለት ለኢጣልያ የሚዋጉ ያገር ልጆች ነበሩ።

የኢትዮጵያ ሠራዊት በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ጀግንነትም አልጎደለውም። ስለዚህ ምሽጉን በጉልበት ለመያዝ ተሞከረ። ሰዎቹ እየዘመሩና እየፎከሩ ወደ ካቡ ሮጡ፤ ነገር ግን ተኳሹ በድንጋይ ተከልሎ፣ ሯጩ በገላጣ ሜዳ ላይ ሆኖ ስለ ነበር ብዙ ሰው አለቀ። መድፈኞቹም መድፋቸውን ጠምደው ምሽጉን ደበደቡት። በዚህ ድብደባ የባልቻና የሊቀ መኳስ አባተ ቧያለው ስም በተለይ ይነሣል። አባተ አነጣጥረው በጠላት መድፍ ላይ ጉዳት ማድረሳቸውን ሕዝቡ በግጥም ሳይቀር አስታውሶላቸዋል። ሆኖም እነዚያ ቀላል መድፎች ሰውን ይመታሉ እንጂ ወፍራም ካብ ንደው የሚጥሉ አልነበሩም። ቀኑ እየገፋ ሄደ፤ ካቡም እንደ ቆመ ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው እቴጌ ጣይቱ ሌላ መንገድ ያሳዩት። እቴጌይቱ የብዙ ሺህ ሰው ግብር የሚያሰናዱ፣ ሠራዊት በስንቅና በውሃ እንጂ በፉከራ ብቻ እንደማይኖር የሚያውቁ ባለሞያ ነበሩ። ሌላው ሁሉ ካቡን ሲመለከት፣ እርሳቸው በካቡ ውስጥ ያለው ሰው ምን ይጠጣል ብለው ጠየቁ። የምሽጉ ሰዎች ውሃ የሚቀዱት ከቅጥሩ ውጭ፣ ከኮረብታው በታች ካለው ምንጭ ነበር። እቴጌይቱ የራሳቸውን ወታደሮች በሌሊት ልከው ምንጩን አስያዙ። ጠላት መልሶ ለመያዝ ቢሞክርም አልሆነለትም።

ከዚያ በኋላ ምሽጉን የሚያፈርስ መድፍ አላስፈለገም። በውስጡ ውሃ በልክ መሰፈር ጀመረ፤ ልኩም በየቀኑ አነሰ። ከብቶቹ በጥም ወደቁ። በመጨረሻም በጥር ወር 1888 ዓ.ም. ስለ መውጣት ድርድር ተደረገ፤ አፄ ምኒልክም ጋሊያኖና ወታደሮቹ መሣሪያቸውን ይዘው እንዲወጡ ፈቀዱ፤ የሚጫኑበትም በቅሎ ሰጧቸው። መድፍ ያላፈረሰው ካብ ባዶውን ቀረ።

ይህን ሁሉ በጅሮንድ ባልቻ በዓይናቸው አይተዋል። መድፍ ይዘው በምሽጉ ፊት የቆሙ ሰው ነበሩና፣ የመድፋቸውን ኃይልም የመድፋቸውን ድካምም ከእርሳቸው ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ይህን ምሽግ በጠረጴዛ ላይ ስለ መሥራት

አሁን ወደ ሞዴሉ ጉዳይ ጥቂት ልመለስ። የመጫወቻ ወታደር መሰብሰብ በአውሮፓ የቆየ ልማድ ነው። በ1885 ዓ.ም. ገደማ በእንግሊዝ አገር ዊልያም ብሪተን የተባለ ሰው ውስጡ ክፍት የሆነ የእርሳስ ወታደር የሚሠራበትን ዘዴ አገኘ። እርሳሱ የሚባክነው ጥቂት ስለ ሆነ ዋጋው ረከሰ፤ የብዙ ልጆችም መጫወቻ ሆነ። የነዚህ ወታደሮች ቁመት 54 ሚሊ ሜትር ነው። ኢጣልያ ለሁለተኛ ጊዜ አገራችንን በወረረችበት ዘመን ያው ድርጅት የኢትዮጵያ ወታደሮችን ምስል ሠርቶ ሸጧል፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች ይፈልጓቸዋል። ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስም በ1905 ዓ.ም. የመጫወቻ ወታደሮችን ጦርነት ደንብ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳትሟል። በእርሱ ጨዋታ ሞትና ሽረትን ከሚወስኑት ዋነኛው በጥቅልል ሽቦ ኃይል የእንጨት ቁራጭ የምትተኩስ ትንሽ መድፍ ናት።

ለነዚህ ወታደሮች ተብለው የተሠሩት ምሽጎች ግንብ፣ ማማ፣ በርና ባንዲራ አላቸው። ውሃ ግን የላቸውም። ሠሪው ሳያስበው ቀርቶ ብቻ አይደለም፤ የልክ ጉዳይ ነው። 54 ሚሊ ሜትር የሆነ ወታደር ከእውነተኛው ሰው 32 ጊዜ ያህል ያንሳል። በዚህ ልክ 3 ሜትር የሆነ ካብ 9 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከካቡ 100 ሜትር ብቻ የሚርቅ ምንጭ ቢኖር በዚሁ ልክ ከ3 ሜትር በላይ ይርቃል። ጠረጴዛው አይበቃውም። ስለዚህ ሠሪው ምንጩን ትቶ ካቡን ይሠራል። እንዲህም ሲያደርግ ውጊያውን የወሰነው ነገር ከሞዴሉ ውጭ ይቀራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ወታደሩን ማሳነስ ነው። ከጭቃ ወይም ከእንጨት 2 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ወታደሮችን ብንሠራ ልኩ ከእውነተኛው 85 ጊዜ ያህል ያነሰ ይሆናል። ያን ጊዜ 3 ሜትር የሆነው ካብ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ 100 ሜትር የሆነው መንገድ ደግሞ 1 ሜትር ከ18 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ በሁለት የክፍል ጠረጴዛዎች ላይ ይበቃል። እንግዲህ ምሽግ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ሊወስን የሚገባው የግንቡን ቁመት ሳይሆን የወታደሩን ቁመት ነው፤ ምን ያህል አገር በሞዴሉ ላይ እንደሚገባ የሚወስነው እርሱ ነውና።

የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ በአገራችን ይገኛል። ኮረብታው ከካርቶን ንብርብር ተቆርጦ በላዩ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ይለሰንበታል። ካቡ ከጠጠር በሙጫ እየተያያዘ ይደረደራል፤ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ሳይሆን የኮረብታውን አፋፍ ተከትሎ ይዞራል። ማዕዘኖቹ ጥቂት ወደ ውጭ ቢወጡ ከላይ የቆመው ተኳሽ የካቡን ሥር ማየት ይችላል። ከካቡ በስተ ውስጥ ወታደሩ የሚቆምበት መደብ ከ1 ሴንቲ ሜትር ተኩል እንዳያንስ፤ አለዚያ ወታደሩ አይቆምበትም፣ የተጫዋቹም ጣት ካቡን ያፈርሳል። በመደቡ ላይ የቆመው ወታደር ደረቱ ድረስ በካቡ ይከለል። የቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ከእንሰት ቃጫ፣ የተሳለው እንጨት ከቀርከሃ ስንጣሪ ይሠራል። ምንጩ ከኮረብታው በታች በትንሽ መስተዋት ቁራጭ ይታይ። ከበሩ እስከ ምንጩ የሚወስደው የእግር መንገድም በግልጽ ይሣል፤ የሞዴሉ ልብ እርሱ ነውና።

ለጨዋታውም አንድ ደንብ እጨምራለሁ። በምሽጉ ውስጥ ላሉት ለየአሥር ወታደር በየዙሩ አንድ የባቄላ ፍሬ ይሰጥ፤ ባቄላው ውሃ ነው። ምንጩ በምሽጉ ሰዎች እጅ እስካለ ድረስ ባቄላው ይተካል፤ ምንጩ ሲያዝ መተካቱ ይቀራል። እንዲህ የሚጫወት ልጅ በሁለተኛው ጨዋታ ካቡን መደብደቡን ትቶ ወደ ምንጩ እንደሚሮጥ አልጠራጠርም።

ከዓድዋ በኋላ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በተደረገው ጦርነት ምሽግ አልነበረም። ጦርነቱ በተራሮች መካከል የተደረገ ሲሆን፣ የባልቻ መድፍ ሙሉ ሥራውን የሠራው በዚያ ነው። ከመቀሌ ምሽግ በሰላም የወጣው ጋሊያኖ በዚያ ቀን ወደቀ። በእኛም በኩል እንደ ፊታውራሪ ገበየሁ ያሉ ጀግኖች ወደቁ። ሕዝቡ የገበየሁን ሞት ሲያለቅስ የባልቻን ስም አብሮ ማንሣቱ፣ አባ ነፍሶ በዚያ ቀን ምን ያህል እንደ ተዋጉ ያስረዳል።

ከድሉ በኋላ ባልቻ ደጃዝማች ተብለው በ1890 ዓ.ም. ገደማ ሲዳሞን እንዲገዙ ተሾሙ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐረር ተዛወሩ። በ1902 ዓ.ም. ግን የሐረር ግዛት ለወጣቱ ለደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ተሰጠና ባልቻ ወደ ሲዳሞ ተመለሱ። ይህን ስም እናስታውሰው፤ ወደ ፊት እንደ ገና እናገኘዋለን።

በሲዳሞ አገዛዛቸው ባልቻ ጥብቅ ሰው ነበሩ። ወታደሮቻቸው ይፈሯቸውና ያከብሯቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የዚያ ዘመን የገባር ሥርዓት ለአገሩ ገበሬ ከባድ ቀንበር ነበረ። ገበሬው ለመልከኛውና ለወታደሩ ጉልበቱንና እህሉን ይገብራል። ባልቻም ይህን ሥርዓት ካስፈጸሙት ገዢዎች አንዱ ነበሩ። በልጅነታቸው ተወርሮ ከተያዘ አገር የተማረኩ ሰው፣ በጉልምስናቸው የሌላውን ተወርሮ የተያዘ ሕዝብ መግዛታቸው በታሪካቸው ውስጥ ካሉት አሳዛኝ ነገሮች አንዱ ነው። የታላቅ ሰው ታሪክ ሲጻፍ ይህን መደበቅ አይገባም።

የ1920 ዓ.ም. ድግስ

አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡ፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆኑ። ደጃዝማች ባልቻ የምኒልክ ቤት ሰው እንደ መሆናቸው ታማኝነታቸው ለምኒልክ ልጅ ለንግሥቲቱ ነበር። የራስ ተፈሪን አዲስ አሠራር አይወዱም ነበር። አሮጌው ወዳጃቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም በ1919 ዓ.ም. ሞቱ። ከዚያ በኋላ ከአሮጌዎቹ የምኒልክ ሰዎች መካከል ብዙ ጦር ይዘው የቀሩት ባልቻ ዋነኛው ነበሩ።

በ1920 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ባልቻን ወደ አዲስ አበባ ጠሯቸው። ባልቻ ብዙ ሺህ ሠራዊት አስከትለው መጡና ከከተማው በስተ ደቡብ በንፋስ ስልክ ሰፈሩ። ራስ ተፈሪ በክብር ወደ ግብር ጋበዟቸው። ባልቻም ጥንቃቄ ሳያጓድሉ፣ የታጠቁ አጃቢዎቻቸውን በመቶ የሚቆጠሩ አስከትለው ገቡ። በአዳራሹ ውስጥ እርሳቸውን ሊነካ የሚደፍር አልነበረም። ድግሱ ደመቀ፤ ጠጁ ተቀዳ፤ ለእንግዳውም ታላቅ ክብር ተሰጠ።

ነገር ግን ባልቻ በግብር ላይ ሳሉ የራስ ተፈሪ ሰዎች ወደ ንፋስ ስልክ ሄደው ለሠፈረው ሠራዊት ገንዘብ እየሰጡ ወደ አገሩ አሰናበቱት። ባልቻ ከድግሱ ሲመለሱ ሠፈሩ ባዶ ሆኖ ቆያቸው። አንድ ጥይት ሳይተኮስ ኃይላቸው ሁሉ ከእጃቸው ወጣ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ጥቂት ከተጠጉ በኋላ እጃቸውን ሰጡ። ሹመታቸው ተነሣ፤ ለሁለት ዓመት ያህልም ታሰሩ፤ ከዚያም በገዳም ተቀመጡ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ የመቀሌው ታሪክ እንደ ገና መሆኑን ልብ አላልክምን? የባልቻ አጃቢዎች እንደ ካቡ ነበሩ፤ የባልቻ ሠራዊት ደግሞ እንደ ምንጩ። ተቃዋሚያቸው ካቡን አልነካም፤ ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ምንጭ ያዘ። ከ32 ዓመት በፊት በመቀሌ ከከባቢዎቹ ወገን ቆመው ይህን ያዩ ሰው፣ በአዲስ አበባ እርሳቸው ራሳቸው ተከባቢ ሆኑ። የባልቻ ወታደሮች በገንዘብ መሰናበታቸውም ያስተምረናል። የገባር ሥርዓት የያዘው ጦር የሚከተለው ጌታውን ሳይሆን ጥቅሙን ነበረ፤ ጥቅሙ በሌላ እጅ ሲታይ ወደዚያው ዞረ።

የመጨረሻው ውጊያ

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ እንደ ገና አገራችንን ወረረች። ሚያዝያ 27 ቀን የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ደጃዝማች ባልቻ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ ነበር። ግዛት የላቸውም፤ ግምጃ ቤት የላቸውም፤ የሚወርሳቸው ልጅ እንኳ የላቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴም ያው በድግሱ ያሸነፏቸው ሰው ነበሩ። ቂም የሚይዝ ሰው ቢሆኑ በገዳማቸው ጥግ ተቀምጠው ሌሎች ሲቃጠሉ ባዩ ነበር። ወደ ጠላትም ገብተው ሹመት ያገኙ መኳንንት አልታጡም።

አባ ነፍሶ ግን በሽምግልናቸው መሣሪያ አንሥተው ወደ ተወለዱበት አገር ወረዱ። በልጅነታቸው ከወጡበት ከአገምጃይ ምድር ሆነው ለጠላት አልገዛም አሉ። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የጠላት ጦር ከበባቸው። እጃቸውን የሚሰጡ መስለው ጠላትን ካስጠጉ በኋላ ተኩስ ከፍተው፣ ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር እየተዋጉ እንደ ወደቁ ይነገራል። ከዓድዋ ድል በኋላ 40 ዓመት አልፎ፣ ያንኑ ጠላት እየተዋጉ ሞቱ።

በዚያ ጊዜ በዙሪያቸው ካብ አልነበረም፤ መድፍም አልነበረም። በንፋስ ስልክ የነበረው ብዙ ሺህ ሠራዊት ከእርሳቸው ጋር አልነበረም። አብረዋቸው የነበሩት ጥቂቶቹ ግን በገንዘብ የሚሰናበቱ አልነበሩም፤ ለመክፈል የሚያስችል ነገር ከሌለው ሽማግሌ ጋር ወደው የቆሙ ሰዎች ነበሩና። በመቀሌ ውሃ ቢቋረጥ ምሽጉ ወደቀ፤ በንፋስ ስልክ ገንዘብ ቢመጣ ሠፈሩ ተበተነ። በአገምጃይ ግን ጠላት ቆርጦ የሚያቋርጠው ምንጭ አላገኘም። ስለዚህ እነርሱን ለማሸነፍ ከመግደል በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

የምሽግ ሞዴል የምትሠሩ ጓደኞቼ ይህን ልብ እንድትሉ እለምናችኋለሁ። ካቡን አሳምራችሁ ሥሩ፤ ማዕዘኑንም አስተካክሉ። ነገር ግን ጠረጴዛው ቢጠብባችሁ ግንቡን አሳንሱት እንጂ ምንጩን አትተዉት። የሚመለከተው ወላጅና መምህር ስለ ግንቡ ቁመት ቢጠይቃችሁ ልኩን ንገሩት፤ ምሽጉ በምን ወደቀ ብሎ ቢጠይቃችሁም ጣታችሁን ከካቡ አንሥታችሁ፣ መንገዱን ተከትላችሁ፣ ከኮረብታው በታች ያለችውን ያችን ትንሽ የመስተዋት ቁራጭ አሳዩት።